ለረጅም የብስክሌት ጉዞ ምን መፍቻ፣ ምን መለዋወጫ ይያዝ? (ከመክፈቻው እስከ 25ኛው ምላሽ)

የውይይት ክሩን የከፈተው ሰው ጥያቄ ብቻ ሳይሆን ዝርዝርም ይዞ ነው የመጣው። ለወራት ጉዞ ይበቃኛል ያለው የመሣሪያና የመለዋወጫ ክምር ሚዛን ላይ ሲወጣ 4 ኪሎ ከ200 ግራም መዝኗል፦ ሁለት ጎማ፣ አራት ከመነዳሪ፣ ሁለት ሰንሰለት፣ ሙሉ ካሴት (የኋላ ጎማው የማርሽ ጥርሶች ስብስብ)፣ ካሴት መያዣ ባለሰንሰለት እጀታ፣ ረጅም የፔዳል መፍቻ፣ ፒንሳ፣ የብሩጎላ ስብስብ። ጥያቄው ምን ልቀንስ የሚል ነው። መጨረሻ ላይ ግን አንድ አቋም ጣል አድርጎ ሄዷል፤ የሚያዋጣው ብዙ ጊዜ የሚበላሸውን እቃ በብዛት መያዝ ነው ብሏል። ሰውን ያነጋገረው ከጥያቄው ይልቅ ይህ አቋም ነው።

1ኛ ምላሽ። በአክብሮት ይጀምርና አቋሙን ከሥሩ ይገለብጠዋል። ቶሎ ቶሎ መበላሸት መለኪያ አይሆንም ባይ ነው። ጎማ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ሊተነፍስ ይችላል፣ ነገሩ ግን በመጣፊያና በማስቲሽ ያልቃል፤ ሁለት ከመነዳሪ ይበቃል። በአንጻሩ የኋላ ማርሽ ቀያሪው የሚንጠለጠልበት ትንሽ የአሉሚኒየም መስቀያ ጉዞው እስኪያልቅ ላይሰበር ይችላል፤ ከተሰበረ ግን የሌላ ብስክሌት መስቀያ አይገጥምለትም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ እቃ ሦስት ነገር ይጠየቅ ይላል፦ ሲበላሽ ብስክሌቱን ያቆማል ወይ? መንገድ ላይ በተገኘ ነገር ይተካል ወይ? የእኔ ብስክሌት ብቻ የሚወስደው ዓይነት ነው ወይ? ለመጀመሪያውና ለሦስተኛው አዎ፣ ለሁለተኛው አይ የተባለለት እቃ ቦርሳ ይገባል። ከዚህ በኋላ የመጣው ሁሉ፣ የሚስማማውም የሚቃወመውም፣ እዚህ ምላሽ ላይ ነው የሚመለሰው።

2ኛ ምላሽ። ይስማማል፤ ሐሳቡንም ወደ ዝርዝር ይለውጠዋል። መስቀያው ከነብሎኖቹ፣ ሁለት ወይም ሦስት የሰንሰለት ማገናኛ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ስፖክ (የጎማው ቀጫጭን የብረት ዘንጎች) ከነዳዶው፣ ለፊትና ለኋላ አንድ አንድ ጥንድ የፍሬን ሸራ፣ አንድ የማርሽና አንድ የፍሬን ገመድ፣ እፍኝ የማይሞላ ብሎንና ሮንዴላ። ሁሉም ተደምሮ 300 ግራም ገደማ ነው፤ ከመክፈቻው ዝርዝር ካሴቱ ብቻውን ከዚያ ሊበልጥ ይችላል።

3ኛ ምላሽ። በ2ኛው ላይ እርማት ነው። ማገናኛ ማለት ብቻ አይበቃም፣ የስንት ማርሽ ሰንሰለት እንደሆነ መታወቅ አለበት። የሰንሰለቱ ውጫዊ ስፋት ለ8 ማርሽ 7.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ለ9 ወደ 6.6፣ ለ10 ወደ 5.9፣ ለ11 ወደ 5.5 እየጠበበ ይሄዳል። የ8 ማገናኛ በ11 ሰንሰለት ላይ ከገባ ወደ ጎን ይንገዋለልና ከጎረቤት ጥርስ ጋር ይጋጫል። የ11 ማገናኛ ደግሞ በ8 ሰንሰለት ላይ ከነጭራሹ አይዘጋም። ለ10 ማርሽና ከዚያ በላይ የሚሠሩትን ማገናኛዎች ብዙ አምራቾች አንዴ ከተከፈቱ እንዳይደገሙ ያሳስባሉ፤ ሦስት ይያዝ የተባለው በዚህ ምክንያት ነው።

4ኛ ምላሽ። ከክሩ ሁሉ ረጅሙና፣ በእኔ ግምት፣ ምርጡ ይኸ ነው፤ ስለ ስፖክ። በጭነት ጉዞ ላይ ስፖክ ሲበጠስ አብዛኛውን ጊዜ የኋላው፣ በሰንሰለቱ በኩል ያለው፣ ከሞዞው (ከጎማው መሃል ካለው እምብርት) ቀዳዳ ወጥቶ የሚታጠፍበት ክርን ላይ ነው። ካሴቱ በቀኝ በኩል ቦታ ስለሚሻማ የቀኝ ስፖኮች ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ ከግራዎቹም ይበልጥ ይወጠራሉ። ጎማው በዞረ ቁጥር ደግሞ ከመሬቱ በላይ ያለው ስፖክ ለቅጽበት ይላላል፣ ሲያልፍ ተመልሶ ይወጠራል። 2.2 ሜትር ዙሪያ ያለው ጎማ በ1,000 ኪሎ ሜትር ወደ 450,000 ጊዜ ይዞራል፤ ያን ያህል ጊዜ ላላና ጠበቅ ያለ ብረት ክርኑ ላይ ይደክማል። ሲሠራ እኩል ያልተወጠረ ጎማ ላይ ከሆነማ አንዱ በተበጠሰ ማግስት ሌላው ይከተላል። የሚያዘው ስፖክ ርዝመት የሚለካው ከክርኑ ውስጠኛ ጎን እስከ ጥርሱ ጫፍ ነው። የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራና የፊት ስፖኮች ርዝመታቸው ይለያያል፤ ዲስክ ፍሬን ካለ የፊቱም ቀኝና ግራ ሊለያይ ይችላል። ድልድሉን ለኋላ ቀኝ አራት፣ ለሌሎቹ ሁለት ሁለት ብሎታል። የዳዶው መፍቻ ልክም መረጋገጥ አለበት፤ 3.23 እና 3.45 ሚሊ ሜትር የሚባሉት በዓይን አይለዩም፣ ሰፊው መፍቻ ግን ጠባቡን ዳዶ አሽከርክሮ ማዕዘኑን ይበላዋል።

እዚያው ላይ የጨመራት ነገር ብቻዋን ለክሩ ትበቃ ነበር። የቀኝ ስፖክ ተበጥሶ ለጊዜው የሚተካበት ከሌለ፣ ቸርኬው (ጎማው የሚቀመጥበት ክብ ብረት) ወደ ግራ ይሳባል። ያኔ ከተበጠሰው ግራና ቀኝ ያሉትን፣ ከሞዞው ግራ ጎን የሚነሱትን ሁለት ስፖኮች ዳዶ ከግማሽ እስከ አንድ ዙር ማላላት ነው። የቀሩትን የቀኝ ስፖኮች ማጥበቅ ግን ውጥረቱን ያባብሳል። የተበጠሰው ዘንግ እየተንጠለጠለ ማርሽ ቀያሪውን እንዳይዝ ወይ ይወጣል፣ ወይ ከጎረቤቱ ጋር ይጠመዘዛል።

5ኛ ምላሽ። ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ግን ካሴቱ ካልወጣ የቀኝ ስፖክ አይገባም ይላል። የከፋቹ ባለሰንሰለት እጀታና ትልቅ መፍቻ ደግሞ ከግማሽ ኪሎ በላይ ነው። መፍትሔው የጣት ያህል የሆነች መፍቻ ናት። ካሴቱ መቆለፊያ ላይ ትሰካለች፣ ጎማው ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ክንዷ የቴላዮውን (የብስክሌቱን አጽም) ውስጠኛ ጎን ይደገፋል። ፔዳሉ በእጅ ቀስ ብሎ ወደ ፊት ሲገፋ ሰንሰለቱ ካሴቱን ያዞራል፤ መቆለፊያው ባለበት ስለተያዘ ይፈታል። ጨርቅ በመሃል ካልገባ ቀለሙን ትልጣለች፤ ለካርቦን ቴላዮ ጭራሽ አትሆንም። መቆለፊያው ሲመለስ የሚጠበቅለት 40 ኒውተን ሜትር ነው፤ መንገድ ላይ ያን ያህል ስለማይደረስ የመጀመሪያው ጋራዥ ላይ እንደገና ይጥበቅ።

6ኛ ምላሽ። ካሴት ማውጣት ለማይፈልግ የሚሆን የኬቭላር ገመድ ስፖክ አለ ይላል። በሞዞው ቀዳዳ ሾልኮ ከቸርኬው ዳዶ ጋር ይያያዛል፤ ለጥቂት ቀናት ያደርሳል። ለዘለቄታው አይሆንም።

7ኛና 8ኛ ምላሽ። ክሩ የሻከረው እዚህ ጋ ነው። 7ኛው በሁለት መስመር ሁሉንም ያጣጥላል፤ በ36 ስፖክ በሥርዓቱ የተሠራ ጎማ ያለው ሰው ይህን ሁሉ ወሬ አያስፈልገውም ይላል። 8ኛው ደግሞ ሳይለሳለስ ይመልስለታል። የጎማ ጥራት ሰንሰለት ከትልቁ ጥርስ አልፎ ካሴቱና ስፖኩ መሃል እንዳይወድቅ አያደርግም። ሲወድቅ ደግሞ የቀኙን ስፖኮች በሙሉ ክርናቸው አጠገብ ይፈቀፍቃቸዋል፤ የተፈቀፈቀው ስፖክ በዚያው ቀን ባይሆን በሌላ ቀን ይበጠሳል። መንስኤው ብስክሌቱ በቀኝ ጎኑ ወድቆ የተጣመመ መስቀያ ነው። ብስክሌቱ በወደቀ ቁጥር ከኋላ ሆኖ ማርሽ ቀያሪው ከጥርሶቹ ጋር በአንድ መስመር መሆኑን ማየት፣ ከዚያም ጎማውን አንስቶ ወደ ትልቁ ጥርስ ቀስ ብሎ መቀየር ነው። 7ኛው ሰው ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

9ኛ ምላሽ። ከ8ኛው ይቀጥላል። የመስቀያ ቅርጽ በመቶዎች ይቆጠራል፤ በስም ከማዘዝ አውጥቶ ወረቀት ላይ መንደፍና የብሎን ቀዳዳዎቹን ርቀት መለካት ይሻላል። የብስክሌት እቃ አምራቹ ስራም እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ሁሉን አቀፍ መስቀያ በብዙ አዳዲስ ቴላዮዎች ላይ ስለገባ ነገሩን አቅልሎታል፤ የቆየ ቴላዮ ያለው ግን ሁለት ይያዝ። መስቀያ ጠፍቶ ማርሽ ቀያሪው ከተሰበረ ሰንሰለቱን አሳጥሮ በአንድ ማርሽ መሄድ ይቻላል፤ ለዚህ ሰንሰለት መበጠሻ ግዴታ ነው። ጥርሱ ሰንሰለቱ ቀጥ ብሎ የሚቆምበት መሆን አለበት። የካሴት ጥርሶች ሰንሰለት እንዲወጣባቸው ተደርገው የተሞረዱ ስለሆኑ በትንሹ ከላላ ይወርዳል፣ ከጠማማ መስመር ላይ ከሆነ ወደ ትልቁ ይወጣና ድርቅ ይላል። በእርጋታ ከተነዳ ያደርሳል።

10ኛ ምላሽ። ስለ ሰንሰለት መሳብ። 24 ግማሽ ኢንች ክፍሎች አዲስ ሲሆኑ 304.8 ሚሊ ሜትር ናቸው። 306.3 ሲደርሱ 0.5 በመቶ፣ 307.1 ሲደርሱ 0.75 በመቶ ተስበዋል ማለት ነው። ለ11 እና ለ12 ማርሽ በመጀመሪያው፣ ለ8፣ ለ9 እና ለ10 በሁለተኛው ላይ ይቀየራል። ሰንሰለቱ በጊዜው ከተቀየረ ካሴቱ ሌላ ሁለት ሰንሰለት ስለሚችል ሙሉ ካሴት ተሸክሞ መዞር ምንም ጥቅም የለውም። የተሳበው ሰንሰለት እስኪንሸራተት ከተነዳ ግን አዲሱ ሰንሰለት ባረጀው ካሴት ላይ መዝለል ይጀምራል፤ ያኔ ሁለቱም ይገዛሉ።

11ኛ ምላሽ። ከፋቹ ተመለሰ። ካሴቱንና አንዱን ሰንሰለት ጥሏል፣ እጀታውንም በትንሿ መፍቻ ቀይሯል። ሁለቱን ጎማዎች ግን አልለቅም ብሏል።

12ኛ ምላሽ። አንድ ይበቃል፣ እሱም ጠርዙ የሚታጠፍ ይሁን። ጠርዙ ሽቦ የሆነ ጎማ ሲታጠፍ ሽቦው ሊሰበር ይችላል፤ የግድ ከሆነ በሦስት ክብ ተጠምዝዞ ይታሰራል እንጂ አይቀነጠስም። ጎኑ የተቀደደ ጎማ ደግሞ ወዲያው አይጣልም። ከአሮጌ ጎማ ጎን የተቆረጠ 5 በ8 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ከውስጥ በኩል ይደረጋል፤ ቀዳዳው ረጅም ከሆነ በጠንካራ መርፌና በወፍራም ክር አስቀድሞ ይሰፋል። ከፕላስቲክ ጠርሙስ የተቆረጠ ቁራጭ አይመከርም፤ ጠርዙ ስለታም ስለሆነ ከመነዳሪውን ራሱ ይበሳዋል። የጥርስ ሳሙና ቱቦ ለስላሳ ስለሆነ ይሻላል።

13ኛ ምላሽ። የልክ ነገር። ጎማው ጎን ላይ 47-622 የሚል ቁጥር ካለ የመጀመሪያው ስፋቱ፣ ሁለተኛው የቸርኬው መቀመጫ ስፋት ማለትም ዲያሜትሩ ነው፣ ሁለቱም በሚሊ ሜትር። 700፣ 28 እና 29 እየተባሉ የሚሸጡት አብዛኞቹ 622 ናቸው፤ 27.5 የሚባለው 584፣ በተራራ ብስክሌት የተለመደው 26 ደግሞ 559 ነው። ስሙ ሳይሆን ይህ ቁጥር ከተመሳሰለ፣ ስፋቱም ቴላዮው ውስጥ ካለፈ፣ ይገጥማል።

14ኛ ምላሽ። ማንም ያልጠየቀው፣ ግን ብዙ ሰው ያመሰገነው የመጣፍ ትምህርት ነው። ከመነዳሪው ከመጣፊያው ሰፋ አድርጎ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፤ ወዙ እስኪጠፋና የቅርጹ ስፌት ከላስቲኩ ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ። ማስቲሹ ስስ ሆኖ ይቀባል፣ ከዚያ አምስት ደቂቃ ያህል ይጠበቃል። ጣፉ የሚላቀቀው ሰው በዚህች አምስት ደቂቃ ስለሚቸኩል ነው፤ ማስቲሹ እርጥበቱ ሄዶ ሲደበዝዝ እንጂ ሲያንጸባርቅ አይለጠፍም። ላዩ ላይ ያለው ስስ ላስቲክ ከጠርዝ ሳይሆን ከመሃሉ ተቀዶ ይነሳል፣ አለዚያ የጣፉን ጠርዝ ይዞት ይመጣል። አንዴ የተከፈተ የማስቲሽ ቱቦ ክዳኑ ቢዘጋም ይደርቃል፤ አንድ ትልቅ ከመያዝ ሁለት ትንንሽ ያልተከፈቱ መያዝ ነው።

የቀዳዳው ቦታም ይናገራል። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ከሆነ ነፋሱ አንሶ ቸርኬው ከመነዳሪውን ቆንጥጦታል። በውስጠኛው ጎን ከሆነ የቸርኬው ጥብጣብ ተንሸራቶ የስፖክ ቀዳዳ ወጥቷል። በውጭ ከሆነ ደግሞ እሾሁ ወይም የሽቦ ስባሪው ገና ጎማው ውስጥ ነው። ጎማው ሲገጠም ጽሑፉ ከቫልቩ አንጻር ከሆነ፣ ከመነዳሪውን ከጎማው ጋር አስተካክሎ እሾሁን በቀጥታ ማግኘት ይቻላል።

15ኛ፣ 16ኛና 17ኛ ምላሽ። በፖምፓና በጋዝ ካርትሪጅ ላይ የተነሳ ጭቅጭቅ ነው፤ ባጭሩ ፖምፓው አሸንፏል። ካርትሪጅ ያልቃል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ከተራ አየር ይልቅ በላስቲክ ውስጥ ቶሎ ስለሚያልፍ በማግስቱ ጎማው ይለሰልሳል። አጭር ቱቦ ያለው ፖምፓ ቫልቩን እየወዘወዘ ከሥሩ አይቀድደውም። በመሃሉ አንዱ ያስገባት ነገር ትጠቅማለች፦ ቀጭኑ ቫልቭ በ6.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይገባል፣ የመኪና ዓይነቱ 8.5 ይፈልጋል። ቀጭኑን በሰፊ ቀዳዳ በላስቲክ ሮንዴላ ማስገባት ይቻላል፣ ወፍራሙን በጠባቡ ግን አይቻልም። ያለ ከመነዳሪ የሚነዱትም ፈሳሹ በወራት ውስጥ ስለሚደርቅ አንድ ከመነዳሪ መያዛቸው አይቀርም።

18ኛ ምላሽ። ፍሬን። የዲስክ ፍሬን ሸራ ቅርጹ ከካሊፐር ካሊፐር (ሸራውን ከሚይዘው ክፍል) ይለያያል፤ ስለዚህ የ1ኛውን ሦስት ጥያቄዎች ሙሉ በሙሉ ያልፋል። በታሸገ ከረጢት ካልተቀመጠ ከሰንሰለት ዘይት አንዲት ጠብታ ታበላሸዋለች፤ መያዣ ያጣል፣ ይጮኻል። በፈሳሽ የሚሠራ ፍሬን ያለው የራሱ የሚወስደው ማዕድን ዘይት ይሁን ዶት ፈሳሽ አስቀድሞ ይወቅ፤ ሲደባለቁ ጎሚኒዎቹን ያሳብጧቸዋል። ጎማው ሲወጣ በሸራዎቹ መሃል ካርቶንም ቢሆን ይግባ፣ እጀታው በስህተት ከተጨበጠ ፒስተኖቹ ተገናኝተው ዲስኩ አይገባም። በገመድ ለሚሠራው ደግሞ የፍሬን ገመድ 1.5 ወይም 1.6፣ የማርሽ ገመድ 1.1 ወይም 1.2 ሚሊ ሜትር ነው። የቀጥታ መሪና የጎባጣ መሪ የፍሬን ገመድ ጭንቅላት ስለሚለያይ ይታይ። የኋላውን ርዝመት መያዝ ለፊትም ያገለግላል፤ መቁረጫ ከሌለ የተረፈው ተጠቅልሎ ይታሰራል። የማርሽ ገመድ የሚበጠሰው ብዙ ጊዜ መቀየሪያው ውስጥ፣ ጭንቅላቱ አጠገብ ነው። ማርሹ ካለምክንያት ማንገራገር ሲጀምር ገመዱ ይታይ፤ ከተበጠሰ በኋላ ጭንቅላቱን ከመቀየሪያው ውስጥ ማውጣት ግማሽ ቀን ይበላል።

19ኛ ምላሽ። የእቃ መጫኛው ብሎን። አብዛኛው ኤም5 (ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር)፣ የጥርሱ ርቀት 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። ብሎኑ ከጭነቱ ክብደት ይልቅ መጀመሪያ በመላላቱ ነው የሚሰበረው፤ ሲላላ መጫኛው እያወዛወዘ ያጣጥፈዋል፣ በመጨረሻም ጭንቅላቱ ተቆርጦ ግንዱ ቴላዮው ውስጥ ይቀራል። መካከለኛ የሆነው ሰማያዊ የብሎን ማጣበቂያ ይደረግለት፣ በየሳምንቱም ይነካ። ከልኩ 8 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ብሎን ከበስተጀርባው ራሱን በሚይዝ ዳዶ ቢታሰር፣ ቢሰበር እንኳ ግንዱ በፒንሳ ከኋላ ተይዞ ይወጣል። በቀኝ በኩል ግን ይህ አይሠራም፤ የተረፈው ጫፍ በትንሹ ጥርስ ላይ ያለውን ሰንሰለት ይነካል።

20ኛ ምላሽ። ከርዕስ ወጣ፤ ደግሞም ደስ በሚል መንገድ። ብረት ቴላዮ በየትም ብየዳ ቤት ይጠገናል ለማለት እ.ኤ.አ. የ1913ቱን የቱር ደ ፍራንስ የብስክሌት ውድድር ያነሳል። ተወዳዳሪው ዩጂን ክሪስቶፍ የቱርማሌን ተራራ ሲወርድ ፎርኬታው ተሰበረበት፤ ብስክሌቱን ተሸክሞ በእግሩ እስከ ሳንት ማሪ ደ ካምፓን ወረደና በአንድ ቀጥቃጭ ቤት ራሱ ጠገነው። ደንቡ ተወዳዳሪው ያለ ማንም እርዳታ እንዲጠግን ያዝ ስለነበር፣ ወናፉን አንድ ልጅ ስለነፋለት ተቀጣ።

21ኛ ምላሽ። ታሪኩን አልካደም፣ መደምደሚያውን ግን በምሬት ያፈርሰዋል። እስካሁን እርስዎ እየተባባሉ የመጡ ሰዎች እዚህ ጋ አንተ መባባል ጀምረዋል። የዛሬ ጥሩ የብረት ቱቦ መሃሉ ላይ ከ0.4 እስከ 0.6 ሚሊ ሜትር ድረስ ይሳሳል። ወፍራም ብረት የለመደ በያጅ በተለመደው ኃይል ከነካው ይበሳዋል። የሚበየድ ከሆነ ቱቦው በሚወፍርበት በመጋጠሚያው አካባቢ፣ ያውም ከተቻለ በነሐስ ነው። መሃሉ ከተሰነጠቀ በሁለት በኩል ቁራጭ ብረት ደግፎ በፋሼታ ጥርቅም አድርጎ ማሰር ይቀድማል። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ አነጋገሩ ባይመር ኖሮ የሚከራከርበት አይኖርም ነበር።

22ኛ ምላሽ። ወደ ጉዳዩ ተመልሶ ስለ አስተሻሸግ ያወራል። ከመነዳሪ ከመፍቻ ጋር በአንድ ቦርሳ ከተቀመጠ በንዝረት ተፈትጎ ሳይገጠም ይበሳል፤ በካልሲ ይጠቅለል። ስፖኮቹ በኮርቻው ቱቦ ውስጥ በቡሽ ተወትፈው ይቀመጣሉ፣ ወይም በቴላዮው የግራ ዘንግ ላይ በቴፕ ይታሰራሉ። ፖምፓ፣ ጎማ ማውለቂያ፣ አንድ ከመነዳሪና የእጅ መፍቻው ከላይ፤ የቀረው ከታች።

23ኛ ምላሽ። ከዝርዝር ሁሉ የሚበልጥ ፈተና ያቀርባል። ከመነሳት በፊት፣ ይዘናቸው በምንሄደው መፍቻዎች ብቻ፣ የብስክሌቱ እያንዳንዱ ብሎን ይፈታና ይጥበቅ። ባለብዙ ምላጩ መፍቻ ብዙ ጊዜ አጭር ስለሆነ የመጫኛው ብሎን ጋ እንደማይደርስ የሚታወቀው ያኔ ነው፤ ለዚያ ለብቻው ረዘም ያለ 4 እና 5 ብሩጎላ ያስፈልጋል። የዲስኩ ብሎን ባለኮከብ አፍ ቲ25 መሆኑም ያኔ ይታያል። ፔዳሉ በ6 ወይም በ8 ብሩጎላ የሚፈታ ከሆነ ረጅሙ የ15 መፍቻ ቤት ይቀራል፤ የግራው ፔዳል ጥርስ ተቃራኒ መሆኑን የረሳ ግን በማንኛውም መፍቻ ያበላሸዋል። በፈተናው ያልተነካ መፍቻ ከቦርሳ ይወጣል።

24ኛ ምላሽ። ከፋቹ አዲሱን ዝርዝር ለጠፈ፤ 1 ኪሎ ከ900 ግራም። አንዱን ጎማ፣ ሁለት ከመነዳሪ፣ የፔዳል መፍቻውንና ፒንሳውን ጥሏል። መስቀያ፣ ስምንት ስፖክ፣ ሁለት ጥንድ ሸራ፣ ሦስት ማገናኛ ገብተዋል።

25ኛ ምላሽ። ፒንሳው ከወጣ ማገናኛው በምን ሊከፈት ነው ብሎ ይጠይቅና ራሱ ይመልሳል። የማርሽ ገመዱ ቁራጭ ከማገናኛው ግራና ቀኝ ባሉት ሁለት ሮለሮች ዙሪያ ይዞራል፣ ሁለቱ ጫፎች ይጣመሩና በአንድ ጊዜ ይሳባሉ፤ ሮለሮቹ ሲቀራረቡ ማገናኛው ከመቆለፊያው ይወጣል። ጭቃ የገባበት ከሆነ አስቀድሞ ዘይት ጠብ ይደረግበትና ወደ ጎን ይነቅነቅ። ለፒንሳው ግን አንድ ሌላ ሥራ እንዳለው ያስታውሳል፤ 19ኛው እንዳለው የተሰበረ ብሎን ግንድ በእጅ አይወጣም። ትንሽ፣ አፈ ቀጭን ትሁን እንጂ ትመለስ።